ራፐሩን ማን ይዳኘው?

አንድ ወጣት የመጀመሪያ የራፕ አልበሙን ባወጣ ማግሥት ሁለት ፍርድ ይሰጠዋል፡፡ አንደኛው ‹‹ንጉሥ ነው›› የሚል ነው፡፡ ሁለተኛው ‹‹ይኼም ሙዚቃ ሆኖ?›› የሚል ነው፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ሥፍራ፣ ማለትም ምኑ እንዳማረና ምኑ እንደጎደለ በዝርዝር የሚነገርበት ቦታ፣ በአገራችን ጭር ያለ ነው፡፡ ሬዲዮው ከአርቲስቱ ጋር ይሳሳቃል፣ ጋዜጣው የምረቃውን ዝግጅት ይዘግባል፣ አድናቂው ያወድሳል፣ ነቃፊው ይሳደባል፡፡

እንደ ሕግ ተማሪ ይኼን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 182 ነው፡፡ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ዳኛው ‹‹ረቷል››፣ ‹‹ተረቷል›› ብሎ ብቻ ከወንበሩ እንዲነሳ አይፈቅድለትም፡፡ ጭብጡን መለየት፣ በጭብጡ ላይ የደረሰበትን ውሳኔ መጻፍ፣ ለውሳኔውም ምክንያቱን መስጠት አለበት፡፡ ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው ያንን ምክንያት ነውና፡፡ (አንዳንዱ ውሳኔ ምክንያቱ ሲነበብ ከፌስቡክ አስተያየት ብዙም አይርቅም፤ ይኼ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው፡፡)

ነገሩን በአንድ የታወቀ አልበም ብናየው ይቀላል፡፡ ናስ የተባለው የኒውዮርክ ራፐር የመጀመሪያ አልበሙን ‹‹ኢልማቲክ››ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ነው፡፡ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር፡፡ አልበሙ አሥር ክፍሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ርዝመቱም 40 ደቂቃ አይሞላም፡፡ የሚተርከውም ስላደገበት ኩዊንስብሪጅ ስለሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነው፡፡ ‹‹ዘ ሶርስ›› የተባለው የሂፕሆፕ መጽሔት ለጀማሪ እምብዛም የማይሰጠውን የመጨረሻውን ነጥብ፣ አምስት ማይክ፣ ሰጠው፡፡ ግምገማውን የጻፈችው ሚንያ ኦ የተባለች ወጣት ነበረች፡፡

ገበያው ግን እንዲህ አልተደነቀም፡፡ አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት የተሸጠው 60 ሺሕ ቅጂ ገደማ ነው፣ በቢልቦርድ ሰንጠረዥም ከ12ኛ ደረጃ አላለፈም፡፡ የ500 ሺሕ ቅጂ መለኪያ የሆነውን የወርቅ ማዕረግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን የሞላው ደግሞ በ2001 ነው፡፡ ከመውጣቱ በፊት ተሰርቆ መባዛቱም ጎድቶታል፡፡ በ1996 ሁለተኛው አልበሙ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፡፡ ገዢው አንደኛ ደረጃ ላይ ሰቀለው፤ የመጀመሪያውን ካደነቁት ገምጋሚዎች መካከል ግን ለገበያ አጎነበሰ ያሉት አልጠፉም፡፡

ገምጋሚውና ገዢው የተለያየ ጭብጥ ይዘው ነበር ማለት ነው፡፡ ገምጋሚው የጠየቀው ‹‹ስንኙ እንዴት ተሠራ? ሰፈሩስ እንዴት ታየ?›› ብሎ ነው፡፡ ገዢው የጠየቀው ‹‹መኪና ውስጥ ይደመጣል ወይ? ያስጨፍራል ወይ?›› ብሎ ነው፡፡ ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ ገምጋሚዎቹ ግን ምክንያታቸውን ጽፈው ስላስቀመጡ፣ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ አድማጭ ከነሱ ጋር ሊሟገት ችሏል፡፡ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2021 አልበሙን ለትውልድ ከሚጠበቁ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባው፣ በመዝገቡ ላይ ሲንከባለል የቆየ ክርክር ነበረለት፡፡

ይህ ሰው ከእኛም ጋር ጥቂት ዝምድና አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዴሚያን ማርሌ ጋር ያወጣው አልበም የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ ‹‹የግሌ ትዝታ›› ላይ በተሠራ ሙዚቃ ነው፡፡ መርሳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዜማውን ያወቀው ከናስ ነው፡፡ የሙላቱን ያሰማሁት ቀን ‹‹ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ከናስ ወስዶት ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ፡፡

እንግዲህ የወልዲያን፣ የመርሳንና የሀብሩን ገጠር ነገር ላንሳ፡፡ በዚህ አገር የግጥም ጆሮ ብርቅ አይደለም፡፡ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ነው፡፡ መንዙማው አለ፣ ሽለላና ፉከራው አለ፡፡ በሠርግ ዳስ ውስጥ አንዱ ሁለት ስንኝ ሲጥል ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፡፡ ስንኙ ከያዘ ‹‹እሰይ›› ይባልለታል፣ ተቀባዩ ያነሳዋል፣ በማግሥቱም ገበያ ላይ ይደገማል፡፡ ካልያዘ ሰው ወደ ወሬው ይመለሳል፡፡ ከሁሉም የሚጥመኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፡፡ ሽማግሌዎቹ ‹‹ሰሙን ሰማችሁት፣ ወርቁንስ?›› እያሉ ስንኙን ይፈቱታል፣ ቤት አልመታም ይላሉ፣ ቃሉ ተጎትቶ መጣ ይላሉ፡፡ ምክንያት ይሰጣሉ ማለት ነው፡፡

ራፕ የሚጠይቀው ጆሮ ከዚህ ብዙ አይለይም፡፡ ቤት መምታቱ በስንኙ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመሀሉም መሆኑ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ፣ ራፐሮቹ ፍሎው የሚሉት ቃሉን በምቱ ላይ የማስቀመጥና ትንፋሽን የመቆጠብ ችሎታ፣ እነዚህ ሁሉ በምሳሌ እየተነሱ ሊመረመሩ ይችላሉ፡፡ ፉካሪው ጎራዴውን እየነቀነቀ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ ሆኖም ያው ሽማግሌ ራፕ ሲሰማ ጆሮውን ይዘጋል፣ ያው ወጣት ደግሞ የሽማግሌውን መመዘኛ ለራፐሩ አይጠቀምበትም፡፡ የካስማሰ የመጀመሪያ አልበም ‹‹ማለዳ›› ተነስቶ ወልዲያ ውስጥ ስሰማው የነበረው ክርክር ‹‹ራፕ ነው ወይስ ዘፈን?›› የሚል ነበር፡፡ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን የመዝገብ ቤት ጥያቄ ነው፡፡ መዝገቡ የየትኛው ችሎት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ፍሬ ነገሩን የሚመረምር አልነበረም፡፡

ምርመራው በሌለበት ቦታውን የያዘው ቁጥር ነው፡፡ ‹‹ስንት እይታ አገኘ?›› የሚለው ጥያቄ ‹‹ምን አለ?›› የሚለውን ተክቶታል፡፡ ቁጥሩ ደግሞ ሁሉንም አድማጭ አይቆጥርም፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የአዳዲስ ዘፈኖች መንገድ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ነበር፡፡ መርሳ ውስጥ አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ የሰማ ልጅ በዩቲዩብ ሒሳብ ዜሮ ነው፡፡ አዲስ አበባ ያለው ራፐርም የሀብሩ ልጅ ስለ እሱ ምን እንደሚያስብ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፡፡

ሚሞሪ ካርዱ ሌላ ነገር ያነሳል፡፡ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎም ቢሆን፣ የሌላውን ሥራ ያለፈቃድ አባዝቶ መሸጥን በእስራት ያስቀጣል፡፡ በአንፃሩ ከታተመ ሥራ ላይ ተገቢ በሆነ መጠን መጥቀስን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል፡፡ ሕጉ ለሒስ በሩን ከፍቷል ማለት ነው፡፡ እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው፡፡ አልበሙን ሙሉውን እንገለብጣለን፣ አንድ ስንኝ ግን ጠቅሰን አንከራከርበትም፡፡ ጀማሪው በአንድ በኩል ገንዘቡን፣ በሌላ በኩል ሁለተኛ አልበሙን ሊያሻሽልበት ይችል የነበረውን አስተያየት ያጣል፡፡ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ራፐሮቹን ብንጠይቅ መጀመሪያ ገንዘቡን ይሉ ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም፡፡

የእህቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ግን አንድ ነገር ጀምረዋል፡፡ የሚወዱትን የአንድ ጀማሪ ራፐር አልበም ግጥሞች እየሰሙ በደብተር ገልብጠዋቸዋል፡፡ ቤት የሚመቱትን ቃላት በቀይ አስምረውባቸዋል፣ ትርጉሙ ያልገባቸው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገዋል፡፡ አያታቸውን ጠይቀው ያገኙት ፍቺም በጎን ተጽፏል፡፡ በሦስተኛው ዘፈን ኅዳግ ላይ ‹‹እዚህ ጋ ትንፋሹ አልቆበት ቃሉን ዋጠው›› ይላል፡፡ ዘፈኑን ከፍተን ሰማነው፡፡ እውነትም ውጦታል፡፡