ስለ ኢንተርኔት የተጠቃሚው ድምፅ በየት በኩል ይሰማል?

በደብረ ኤልያስ የስንዴን ዋጋ በስልኩ የሚያጣራ አርሶ አደርም፣ በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ ነጋዴም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ነው። ስለ አገልግሎቱ ሲወሰን ግን የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው።

በዓለም ደረጃ መንግሥታትን፣ ኩባንያዎችንና የተጠቃሚ ወገኖችን በአንድ መድረክ የሚያወያየው የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ነው። 17ኛው ጉባኤ ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተካሂዷል። ይሁን እንጂ ጉባኤው ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አስገዳጅ ውሳኔ አያሳልፍም። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል።

ለዕለት ተዕለት ችግር በሀገር ውስጥ የቀረበ መንገድ አለ። ቅሬታ በቅድሚያ ለአገልግሎት ሰጪው ይቀርባል፤ መፍትሔ ከታጣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። ስለሆነም ተጠቃሚው ችግሩ የደረሰበትን ቀን፣ ቦታና ያስከተለውን ጉዳት መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።