ሳላዲን ላስታ ምን አደረገ?

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሁሌ የምትዞር አንዲት ታሪክ አለች፤ ሳላዲን ኢየሩሳሌምን ስለያዘ ንጉሥ ላሊበላ ሁለተኛይቱን በላስታ አለት ላይ ፈለፈለ የምትል። ስትሰሟት ታምራለች። ከሥሯ ክርክሩ ሲጀመር ግን ሳላዲን ወዲያው ይረሳና ተከሳሹ የሰፈሩ ሙስሊም ነጋዴ ይሆናል።

እስቲ እንፈታታት። ኢየሩሳሌም በሳላዲን እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1187 ነው፤ ላሊበላም በዚያው ዘመን ነግሷል ይባላል። እስከዚህ ይስማማል። ግን ከእሱ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ እዚያው ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ያንን ድንቅ ቤተ ክርስቲያን አንጾ ነበር። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እነ ቤተ መርቆሬዎስ መፈልፈል የጀመሩት ከንጉሡ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ነው ይላል። የላሊበላ ገድልም ቢሆን የሚነሳው ንጉሡ በሰማይ ካየው ራእይ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይሄኛው ነው፦ ያኔ ጳጳሳችን የሚመጣልን ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ ግብፅን የሚገዙት ደግሞ ሳላዲንና ወገኖቹ። የላስታ ቄስ እንዲካን ጳጳስ ያስፈልጋል፤ ጳጳሱም የሚነሳው ከእነሱ አገር ነው። የዛጉዌ ነገሥታት ከካይሮ ጋር ተጣልተው የት ሊደርሱ ኖሯል?

ወደ ተከሳሹ ነጋዴ እንመለስ። አውሮፓ ውስጥ በሙስሊም ስደተኛ ላይ የሚዘምት ፖለቲከኛ ቢያንስ የሚያወራው በቅርብ ስለመጣ ሰው ነው። እኛ አገር «እንግዳ» የሚባለው ግን የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች አክሱም ከገቡ 1400 ዓመት ያለፈው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከሰሜን ወሎ ሕዝብ 17 በመቶ ገደማ፣ ከደቡብ ወሎ ደግሞ 71 በመቶ ገደማ ሙስሊም ነበር። ወሎ ላይ እንግዳና ባለቤት እንለይ ብሎ የተነሳ ሰው አማቹንም ሳያባርር አይቀር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ በአንድ ሼህ ቀብር ሰዎች ተገደሉ፤ መነሻው በመስጊድ መቃብርና በጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለ የቦታ ይገባኛል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ እስከ ስልጤ ወራቤ ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ወራቤን ከጎንደር የሚያዋስናት የመቃብር አጥር የለም።

የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ጽሑፉን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይጠይቃል። ስድብንና የግደለው ጥሪን ለመጠቆም አይከብድም። የሳላዲኗን ተረት ግን ማን ይጠቁማታል? ታሪክ ነው የምትመስለው።