ባዶ ግቢ ያለው ወደብ መርከብ የሚመልስበት ምክንያት
የዩኒክስ ዳታቤዝ ሰርቨርና የጋራ ሚሞሪ

አሽዶድ ሰፈሮቿን በዕብራይስጥ ፊደል የምትጠራ የእስራኤል ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 ስትቆረቆር መጀመሪያ የተሠራው ሰፈር ሮቫ አሌፍ ተባለ፤ ከዚያ ቤት፣ ጊሜል እያለ ቀጠለ። የግእዝ ሊቃውንት «አ»ን አልፍ ብለው የሚጠሩ በመሆናቸው፣ ስሙ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ ሮቫ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ምኩራብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ የጀመረው ወደብ ግን የማንም ሮቫ የግል ንብረት አይደለም።

የዩኒክስ ኮምፒውተርም የተሠራው እንደዚሁ ነው። እየሮጠ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ማለትም ፕሮሰስ፣ የታጠረ የራሱ የሚሞሪ ሰፈር ይሰጠዋል። የጎረቤቱን ግቢ ማየት አይችልም፤ አጥሩን የሚጠብቀው ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ነው። አንዱ ፕሮሰስ ቢበላሽ ሌላው የማይነካው በዚህ አጥር ምክንያት ነው።

ዳታቤዝ ግን በአጥር ብቻ መኖር አይችልም። ፖስትግሬስን እንውሰድ። መቶ ሰው ቢገናኘው ለመቶው መቶ ፕሮሰስ ይከፍታል። እነዚህ ሁሉ አንዱን የደንበኞች መዝገብ ለየብቻቸው ወደ ግቢያቸው ቢያስገቡት ሚሞሪ ይባክናል፤ ይባስ ብሎ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም የሚደርሱበት አንድ የጋራ ቦታ ያስፈልጋል። ከዲስክ የተነበበው ገጽ የሚቀመጠው፣ «ይህን ሠንጠረዥ እኔ ይዤዋለሁ» የሚለው ቁልፍ የሚመዘገበው እዚያ ነው። የጋራ ሚሞሪ ይባላል። የዳታቤዙ ወደብ ማለት ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከስልክ ሥራ ነው። የቤል ላብስ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ በኮሎምበስ ከተማ ለራሳቸው ባዘጋጁት የዩኒክስ ዝርያ ላይ ጨመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሲስተም ፋይቭ ደግሞ ለዓለም አዳረሰው። የዚያን ጊዜ ሚሞሪ ውድም ጥቂትም ነበር። አንድ ፕሮግራም ሁሉንም ጠቅልሎ እንዳይወስድ ከርነሉ ላይ ገደብ ተጻፈ። ገደቡ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ችግሩ ማሽኑ በሺህ እጥፍ ሲያድግ ቁጥሩ እዚያው መቅረቱ ነው።

ዩኒክስ መሰል በሆነው በሊኑክስ ላይ ሦስት ገደቦች አሉ። ሽምማክስ የአንድ ቁራጭ፣ ማለትም የአንድ ሴግመንት፣ ትልቁ መጠን ነው፤ ወደቡ ከዚህ በላይ የሚጠልቅ መርከብ አያስገባም እንደማለት። ሽምኦል የሴግመንቶቹ ሁሉ ድምር ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ሽምኤምኤንአይ የሴግመንቶቹን ብዛት ይወስናል፤ 4096 ስለሆነ ማንንም ብዙም አያስቸግርም። እንቅልፍ የነሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ሮቫ አሌፍ ውስጥ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የቆየ የሊኑክስ ሰርቨር አለው እንበል። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። ባለሙያው የፖስትግሬስን መምሪያ ተከትሎ ሩቡን፣ 4 ጊጋባይት፣ ለዳታቤዙ የጋራ ቋት ይመድባል። ዳታቤዙን ሲያስነሳው እምቢ ይላል። ማሽኑ «ልክ ያልሆነ ግቤት» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ 5432001 የሚል ቁጥር አለ። ለጀማሪ ይህ ቁጥር ድግምት ይመስላል። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው፤ ፖስትግሬስ ደንበኞቹን የሚቀበልበት የፖርት ቁጥር 5432 ላይ ሦስት አኃዝ ተቀጥሎ የሴግመንቱ መጠሪያ ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሚሞሪ አነሰ ብሎ ገዝቶ ይጨምራል፤ 32 ጊጋባይት ቢያደርገውም መልሱ ያው ነው። ጎተራው ሰፊ ሆኖ ሳለ በሩ ጠቦ ነውና። የቆየው ሊኑክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ሽምማክስ 33,554,432 ባይት፣ ማለትም 32 ሜጋባይት ነበር። 4 ጊጋባይት የጠየቀ ፕሮግራም የተፈቀደለትን 128 እጥፍ ጠይቋል። በማክ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ገደቡ ከዚህም ያነሰ ነበር፤ 4 ሜጋባይት ብቻ።

ባለሙያው ገደቡን ሲያነሳ ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። አንደኛው፣ ልክ 4 ጊጋባይት ብሎ መጻፍ ነው። ዳታቤዙ ከቋቱ በተጨማሪ ለቁልፎቹና ለሌሎች መዝገቦቹ ቦታ ስለሚፈልግ የሚጠይቀው ከ4 ጊጋባይት ጥቂት ያልፋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ይመለሳል። ሁለተኛው የመለኪያ ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚበላውም እሱ ነው። ሽምማክስ የሚለካው በባይት ሲሆን ሽምኦል የሚለካው በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ በተለመደው ማሽን 4096 ባይት ነው። 4 ጊጋባይት በገጽ ሲቆጠር 1,048,576 ይሆናል። ይህን ቁጥር በስህተት ሽምማክስ ላይ የጻፈ ሰው ገደቡን አንድ ሜጋባይት አደረገው ማለት ነው፤ ሊያሰፋ የፈለገውን በር የባሰ አጠበበው። ሰሌኑና መሬቱ በተለያየ ክንድ ቢለካ እንደማለት ነው።

ከሁሉም የሚያደናግረው መልእክት ግን «በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» የሚለው ነው። ያነበበው ሁሉ ወደ ዲስክ ይሮጣል። የቆየ ፋይል ያጠፋል፣ መዝገብ ያጸዳል። ዲስኩ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ከርነሉ እዚህ ላይ «ቦታ» ያለው የጋራ ሚሞሪውን ድምር ወይም የሴግመንቶቹን ብዛት ነው። የፖስትግሬስ ጸሐፊዎች ይህን ግራ መጋባት አይተው፣ ዲስክ አለቀ ማለት እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ ከስህተቱ ሥር አስገብተዋል። ሌሊት ተጠርቶ ለመጣ ባለሙያ ይህች ማስታወሻ ትልቅ ውለታ ናት። ኦራክል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ያህል አይታደልም፤ 27102 የሚለው የኦራክል ስህተት «ሚሞሪ አለቀ» ነው የሚለው፤ ነፃ ሚሞሪ ተርፎ ሳለ ሽምኦል ጠቦም ያንኑ ይላል።

ሌላም ጣጣ አለ። የሲስተም ፋይቭ ሴግመንት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ አይሞትም። ዳታቤዙን በኃይል የገደለ ሰው፣ ወደብ ላይ ባለቤት አልባ ኮንቴይነር እንደተወ ነው፤ ማሽኑ እስኪጠፋ ወይም ሰው እስኪያነሳው ድረስ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። የተቀመጠውን የሚያሳየው አይፒሲኤስ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስንት ፕሮሰስ እንደተያያዘበት የሚናገር ዓምድ አለ። ዜሮ ከሆነ ማንም አይጠቀምበትም፤ አይፒሲአርኤም በሚባለው ትእዛዝ ይነሣል። ዜሮ ካልሆነ ግን እጅን መሰብሰብ ይሻላል። የአሮጌው ዳታቤዝ ልጆች ገና በሕይወት አሉና፣ በላያቸው አዲስ ማስነሳት የሰዎችን መዝገብ ያበላሻል። የተበላሸ መዝገብ ደግሞ እንደ ሚሞሪ ተገዝቶ አይተካም።

ይህ ሁሉ ልፋት በሁለት እርምጃ ቀለለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የወጣው ፖስትግሬስ 9.3 ትልቁን ቋቱን ከሲስተም ፋይቭ አውጥቶ ኤምማፕ ወደሚባለው ሌላ መንገድ አዛወረው፤ በዚህ መንገድ የተያዘ ሚሞሪ ከፕሮሰሶቹ ጋር አብሮ ይጠፋል። ከአሮጌው መንገድ የቀረው ከመቶ ባይት የማይሞላ ሴግመንት ብቻ ነው። እሱም የተተወው በዋዛ አይደለም፤ የተያያዙትን የመቁጠር ችሎታው ሁለት ዳታቤዝ በአንድ መዝገብ ላይ እንዳይነሱ ይጠብቃል። በዓመቱ ደግሞ ሊኑክስ 3.16 ሽምማክስንና ሽምኦልን ገደብ የለሽ እስከሚባል ድረስ አሰፋቸው።

ሆኖም ገደብ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ብዙ ዳታቤዝ የሚሠራው ዶከር በሚባለው የሶፍትዌር ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ዶከር ለጋራ ሚሞሪ የሚሰጠው፣ ሌላ ካልተባለ፣ 64 ሜጋባይት ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድን ከባድ ጥያቄ ለብዙ ፕሮሰስ አካፍሎ ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ የሚለዋወጡበትን ቦታ ከዚያው ይወስዳል። ስለዚህ ዳታቤዙ በሰላም ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲያወጣ ይውላል። የወሩ ማብቂያ ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ያቺው የድሮዋ «ቦታ የለም» የምትለው መልእክት ብቅ ትላለች። ባለሙያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ የቦታ መጠን በሚያሳየው ዲኤፍ በሚባለው ትእዛዝ ሲጠይቅ፣ ከዝርዝሩ መካከል 64 ሜጋባይት የሚል አንድ መስመር ያገኛል። መጠኑን አንድ ጊጋባይት አድርጎ ኮንቴይነሩን እንደ አዲስ ፈጥሮ ሲያስነሳው ሪፖርቱ ይወጣል።