«ሚስቱ አስዘግይታው ነው!»... ፓይለቶቹስ ምን አሉ?

ዛሬ ከፍቅርና ከኩርፊያ ወጣ ብዬ ስለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ላጫውታችሁ ነው። «ደግሞ አውሮፕላን ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ታሪኩ ውስጥ ባልም ሚስትም ሐሜትም አለበት።

ሰው ድንገት ሲሞት መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ሆኖ?» ብለን ነው አይደል? መልሱ ደግሞ ሬሳው ሳይወጣ ከተፍ ይላል። «ጠጥቶ ነው»፣ «ተጣልተው ነበር»፣ «እሷ ናት የጨረሰችው»... ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት ጀምሮ ሁሉም መርማሪ ይሆናል። ይሄ የኛ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹም ያው ናቸው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999፣ በኛ ሐምሌ 9 ቀን 1991 መሆኑ ነው፣ አንድ የ38 ዓመት ጎልማሳ ሚስቱንና የሚስቱን እህት አሳፍሮ ከኒው ጀርሲ ተነሣ። የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ነው። ስም አለመጥራት የዚህ ገጽ ደንብ ስለሆነ አልጠራውም እንጂ እናንተማ አውቃችሁታል! አውሮፕላኗ ፓይፐር ሳራቶጋ የምትባል፣ ባለ አንድ ሞተር፣ የገዛ ንብረቱ ናት። የሚያበራትም ራሱ ነው። የሚስቱን እህት ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ላይ አውርዶ፣ ከሚስቱ ጋር ለዘመድ ሠርግ ወደ ሃያኒስ ሊቀጥል ነበር። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 2፡38 ላይ ተነሡ። 3፡41 ገደማ ላይ ደሴቷ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቁ። ሦስቱም ሞቱ። በሬዲዮ «ድረሱልኝ» የሚል አንዲት ቃል እንኳ አልተሰማም።

ሐሜቱ ሚስትየዋ ላይ አረፈ። ጀንበር ሳትጠልቅ መነሣት ሲገባቸው የጨለመባቸው በሷ ምክንያት ነው ተባለ። ከዓመታት በኋላ ሳይቀር «የእግር ጥፍሯን ቀለም ስታስቀባ አምሽታ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። እስቲ አስቡት! ዓርብ ማታ ከኒው ዮርክ ከተማ በመኪና መውጣት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ጥፍር ይጣፍጣላ! ያን ወሬ የሚሰሙት እናትየዋ ደግሞ በአንድ ምሽት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ያጡ ናቸው።

ፓይለቶችስ? እነሱ እንኳን ሙያተኞች ናቸው፣ ዝም ይላሉ ትሉ ይሆናል። የለም! በየአየር ማረፊያው፣ በየቡናው ጠረጴዛ ግምታቸውን ሲያዘንቡት ነበር። አንዱ ሞተሩ ጠፍቶበት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እግሩን ያነሣል። ሰውየው ከስድስት ሳምንት በፊት ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሮ ነበር፤ የእግሩ መደገፊያ ጫማ የወለቀለት በዋዜማው ነው። የአውሮፕላን ጅራት አቅጣጫ የሚታዘዘው በእግር ስለሆነ ግምቱ ባዶ አልነበረም። «በራሷ የምታበር መሣሪያ ተገጥሞላት እያለ ለምን ቁልፉን አልተጫነም?» ያለም ብዙ ነው። «ሀብታም ስለሆነ ከአቅሙ በላይ የሆነች አውሮፕላን ገዝቶ ነው» የሚሉም አልጠፉ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። አብዛኛው ግምት «እኔ ብሆን አላደርገውም» የሚል ነው። ፓይለቱ ነገ ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የሟቹ ጥፋት የሱ ያልሆነ፣ እሱን የማይነካ ጥፋት ቢሆንለት ይወዳል። ሚስቲቱን የሚያማትም ቢሆን የሚፈልገው ያችኑ እፎይታ ይመስለኛል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አንድ ዓመት መርምሮ በጁላይ 2000 ውጤቱን አወጣ። ሞተሩም መሣሪያዎቹም ከመውደቋ በፊት ተበላሽተው ነበር የሚያሰኝ ምልክት አልተገኘም። ምክንያቱ የተባለው አብራሪው በጨለማ፣ በውኃ ላይ ከፍታ እየቀነሰ ሳለ ላይና ታቹን፣ ግራና ቀኙን የሚለይበት ስሜት ተምታቶበት አውሮፕላኗን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። ጭጋጉና የሌሊቱ ጽልመት ደግሞ አባባሽ ሆነዋል። መጨረሻ ላይ በደቂቃ ከ4,700 ጫማ በላይ በሆነ ፍጥነት ነበር የምትወርደው።

«እንዴ! ጤነኛ ሰው ላይና ታች እንዴት ይጠፋዋል?» ያላችሁ እንደሆነ እኔም ብያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ሰፈራችን ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ትናንሽ አውሮፕላን ያበሩ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። ነገሩን ሳነሣባቸው «ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ፣ ዓይንህን ጨፍን» ብለው የሚሽከረከረው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና በዝግታ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያዞሩኝ ጀመር። ባለ ፀጉር ቤቱ «ጋሼ፣ ወንበሬን እንዳይሰብሩብኝ!» ይላል። መጀመሪያ መዞሬ ይታወቀኛል። ትንሽ ቆይቶ ግን ያቆሙኝ መሰለኝ። «አሁንስ?» አሉኝ። «ቆሜያለሁ» አልኩ። ሰዉ ሳቀ፤ ለካ እየዞርኩ ነው! በእውነት ሲያቆሙኝ ደግሞ ወደ ተቃራኒው የምሽከረከር መሰለኝና የወንበሩን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ።

«የጆሮህ ነገር ነው» አሉ ጋሼ። «ውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞሩን ከለመደ በኋላ ዝም ይላል። አየር ላይም እንደዚሁ ነው። አንዱ ክንፍ ቀስ ብሎ ሲያዘነብል ጆሮህ አይነግርህም። ከፍታህ ሲቀንስ ታያለህ፤ ቀና ልበል ብለህ መሪውን ወደ ራስህ ትስባለህ። ክንፉ ካዘነበለ ግን በሳብክ ቁጥር ዙሩ እየጠበበ፣ አንተም እየወረድክ ነው የምትሄደው። ቀን ከሆነ አድማሱን አይተህ ታስተካክላለህ። በጨለማስ? መሣሪያውን ብቻ ማመን አለብህ። ጆሮህ እየጮኸ መሣሪያ ማመን ደግሞ እንዲህ ቀላል እንዳይመስልህ፣ አንተ ልጅ።»

እውነታቸውን ነው። በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በመሣሪያ ብቻ ማብረር ያልተማሩ 20 አብራሪዎችን ውጭውን እንዳያዩ አድርገው ሞክረው ነበር። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም!

ያኛውም ሰው በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚያስችለውን ትምህርት ጀምሮ አልጨረሰውም ነበር። በጠቅላላ ያበረረው ወደ 310 ሰዓት ቢሆንም በዚያች አውሮፕላን ያለ አስተማሪ የበረረው ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ውስጥ በሌሊት አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነው። ሕግ ግን አልጣሰም። በወረቀት ላይ የነበረው የአየር ሁኔታ ያስበርር ነበር። ከአስተማሪዎቹ አንዱ «አብሬህ ልሂድ?» ቢለው ብቻውን ማድረግ እንደሚፈልግ ነግሮታል።

እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ሚስቱና እህቷ ፊት «ብቻዬን አልችልም» ማለት ለወንድ ልጅ ስንት እንደሚከብድ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ያሳዘኑኝ ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ስለ አድማስ፣ ስለ ጆሮ ምን ያውቃሉ? የሚያምኑት ሰው «እንሂድ» ብሏል፣ ሄዱ። እህቶቼ፣ በጓደኛ መኪና ማታ ከከተማ ስትወጡ «መንገዱን በሌሊት ነድተኸው ታውቃለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ምን አለበት? «እዚሁ አድረን ጠዋት እንሂድ» የምትል ሴት ጨዋታ አበላሽ ትባል ይሆናል። ትባል!

ከፓይለቶች ንግግር ሁሉ ሐሜት ያልሆነብኝ አንድ ብቻ ነው። በዚያው ምሽት ከኒው ጀርሲ ተነሥቶ ናንታኬት ወደምትባል ሌላ ደሴት ያመራ ፓይለት ለመርማሪዎች የሰጠው ቃል ነው። መሣሪያው «ማርታስ ቪንያርድ ላይ ነህ» ሲለው ደሴቷን ልያት ብሎ ወደ ግራ ታጠፈ። አንድም መብራት የለም። ጭልጭል የሚል ነገር እንኳ አጣ። ስለ ራሱ ዓይን አልጠረጠረም፤ ደሴቷ ላይ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ደሴቷ ላይ ግን መብራት አልጠፋም ነበር።