ከለገሃር ግርግር አንድ ሰው ለይቶ ማንሳት

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለገሃር የቆመ ሰው ዐይኑ የሚያርፍበት አያጣም። ወያላው ይጣራል፣ ሊስትሮው ሳጥኑን በብሩሽ ያንኳኳል፣ የአንበሳ አውቶቡስ ሰልፍ ይጠማዘዛል፣ በላይ ቀላል ባቡሩ ያልፋል። ዐይናችን ከዚህ ሁሉ መካከል የፈለገውን መርጦ ሌላውን መተው ያውቅበታል። ካሜራ ግን አያውቅበትም፤ የሎተሪ አዟሪውን ፊት፣ ከጀርባው ያለውን የመብራት ምሰሶ፣ የተንጠለጠለውን ሽቦና የአላፊ አግዳሚውን ክርን እኩል አድርጎ ይመዘግባል። ቤት ገብተን ስናየው «ያ ሰውዬ የታል?» የሚያሰኘን ይኸው ነው። የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ሙያ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ያዩትን ሰው ሌላውም እንዲያየው ማድረግ።

ይህን ነገር እስከ ጥጉ የወሰደው የአዲስ አበባው ፎቶ አንሺ ግርማ በርታ ነው። «ሙቪንግ ሻዶውስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው የከተማዋን መንገደኞች በአይፎን ስልክ ካነሳ በኋላ መንገዱን፣ ግድግዳውንና መኪናውን ሁሉ አውጥቶ ሰዎቹን ከነጥላቸው በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ አስቀመጣቸው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት ካገኙት ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆኗል። ግርግሩ ሲወጣ አረማመዱ፣ ሸክሙ፣ የነጠላው አጣጣልና የጫማው ማለቅ ጎልቶ ይወጣል። ግርማ ይህን የሠራው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ምስሉን መቆራረጥ የማይፈልግ ሰው ግን ያንኑ ሥራ ከማንሳቱ በፊት፣ እዚያው መንገዱ ላይ መጨረስ አለበት። መሣሪያው ደግሞ ከሰውየው ጀርባ ያለው ነገር፣ ማለትም ዳራው ነው።

ለገሃር ላይ ቀላሉ ዳራ ጥላ ነው። ቸርችል ጎዳና ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ትመጣለች፤ የምሥራቁ ወገን ሕንፃዎች ጥላቸውን መንገዱ ላይ ሲጥሉ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ብርሃን ይገባል። ወደ ማታ ጥላው ከምዕራብ ይመጣል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር ድልድይም ከሥሩ ጥላ ይዞ ይውላል። ፎቶ አንሺው ጨለማውን ከፊቱ አድርጎ ይቆምና ሰው ከጥላው ወጥቶ ብርሃኑን የሚረግጥበትን ቅጽበት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ካሜራው ይሳሳታል፤ ጨለማው ሲበዛበት ምስሉን ሁሉ ያነጣና ነጠላውን ያቃጥለዋል። በስልክ ከሆነ ብርሃን ያረፈበትን ፊት ጫን ብሎ ይዞ፣ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ ነው፤ በካሜራ ከሆነ የብርሃን ልኩን በአንድ ወይም በሁለት እርከን መቀነስ። ያኔ ጥላው ይጠቁርና ማስታወቂያውንም ሽቦውንም ይውጠዋል። እኩለ ቀን ላይ ግን የአዲስ አበባ ፀሐይ ከአናት ስለሆነች ዐይን በቅንድብ ሥር ይጨልማል። ፊት የሚፈልግ ሰው ማለዳውን ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለውን ይምረጥ።

ሁለተኛው ዳራ ሰማይ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የቆመ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ በኋላ የተመለሰ ነው። አንበሳው ከሰው ቁመት በላይ መሰቀሉ ክብር ብቻ አይሰጠውም፤ ቅርፁ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ከሩቅም ይለያል። ፎቶ አንሺው አላፊ አግዳሚውን ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ራሱ ግን በርከክ ማለት ይችላል። ያኔ የሰውየው ራስና ትከሻ ከመኪናው ጣሪያ በላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ይታያል። ከራሱ ላይ የበቀለ የሚመስል ምሰሶ ካለ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል።

ቀለምም እንዲሁ ይሠራል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ፊት የምታልፍ ቢጫ ጃንጥላ፣ ቀዩ የአንበሳ አውቶቡስ ጎን የቆመች ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት፣ ማንም ሳይጠቁም ዐይን ይስባሉ።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ዳራውን ማደብዘዝ ነው። በካሜራ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው መክፈት፣ ወደ ተነሺው መቅረብና ተነሺውን ከግድግዳው ማራቅ ያደበዝዛል። የስልክ ሌንስ ግን ትንሽ ስለሆነ ሁሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ «ፖርትሬት» የሚለው አማራጭ በስሌት የፈጠረው ብዥታ ደግሞ የነጠላ ዘርፍና የጃንጥላ ዘንግ ላይ ሲደርስ ይበላሻል። ከዚህ ይልቅ ሹተሩን ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ማዘግየትና ካሜራውን አንድ ነገር ላይ ማስደገፍ ለገሃርን ይስማማታል፦ አላፊ አግዳሚው ይፈስሳል፣ ቆሞ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጥርት ብሎ ይቀራል።

የሌላ አገር ባቡር ጣቢያም ለዚህ ምሳሌ አለው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ከሚገኘው ሳን ላዛር ጣቢያ ጀርባ ኩሬ ዘልሎ ሊሻገር የሞከረ ሰው አንስቷል። ቦታው በአጥርና በወዳደቀ ነገር የተዝረከረከ ቢሆንም እንደ ጥላ ጠቁሮ የሚታየው ሰው ያረፈው ነጣ ባለው ውሃ ላይ ስለሆነ አይጠፋም። በክረምት መንገዱ ላይ የሚተኛው ውሃ ለገሃርም ይህን ዕድል ይሰጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፦ ሰው ማሳደድ ትቶ ቦታ መያዝ። ጥሩ ዳራ ያገኘ ሰው ይቁም፤ ለገሃር ሰው አይጠፋም።

የተለየ ሰው ግን ኃላፊነትም ያመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ለተያያዘና ለመሳሰለው ምስል ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ከሕጉም በላይ፣ በሕዝብ መካከል ያለች ሴት የአደባባዩ አካል ናት፤ ለይተን ያነሳናት ሴት ግን ፎቶው ስለ እሷ ነው። «እትዬ፣ አንስቼዎታለሁ፤ ይዩት» ብሎ ማሳየት፣ ካልወደዱትም እዚያው ማጥፋት የሙያው ወግ ሊሆን ይገባል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ፎቶውን የቴምብር ያህል አሳንሶ ማየት ነው። ሰውየው ወዲያው ከታየ ተለይቷል። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ይህ ሰው የት ነው ያለው?» የሚለው ነው። ግርማ ቦታውን ያወጣው አውቆ፣ ለሰዎቹ ብሎ ነው። ለገሃርንም ማሳየት የፈለገ ግን የአውቶቡሱን አፍንጫ ወይም የድልድዩን ጥላ ሊያስቀርላት ይገባል፤ ሁሉን ያደበዘዘ ፎቶ ቦሌም፣ ናይሮቢም ሊነሳ ይችል ነበር።