የተጨመቀ ብርሃንና የአዲስ አበባ ስሌቶች

ብርሃን የቱንም ያህል የረጋ ቢመስል በኳንተም ሕግ መሠረት ፈጽሞ የማይወገድ ጥቃቅን መዋዠቅ አለበት፤ ይህ መዋዠቅ ብርሃን በሌለበት ባዶ ስፍራ እንኳ ይኖራል። የሃይዘንበርግ መርሕ የሚከለክለው ግን የብርሃን ሞገድ ሁለት ተጣማጅ ባሕርያት በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ልክ በላይ ጠርተው እንዳይታወቁ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱን መዋዠቅ ከባዶው ስፍራ መጠን በታች አውርዶ የሌላውን በምትኩ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ የተዘጋጀው ብርሃን የተጨመቀ ብርሃን ይባላል።

ይህ ብርሃን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በሚገኘው ቤል ላቦራቶሪ ነው። ጥቅሙም የስበት ሞገድን በሚለካው፣ ክንዶቹ 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙት የላይጎ መሣሪያ ላይ በጉልህ ታይቷል። በዚያ የሚፈለገው የመስታወት እንቅስቃሴ ከፕሮቶን ስፋት እጅግ ያነሰ በመሆኑ የብርሃኑ የራሱ መዋዠቅ ምልክቱን ይሸፍነዋል፤ ከ2019 ጀምሮ በቋሚነት የገባው የተጨመቀ ብርሃን ይህን መጋረጃ አቅልሎ ከሩቅ የሚመጡ ሞገዶች እንዲለዩ ረድቷል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከዚህ ባላነሰ ሊታወቅ የሚገባው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ይኸው ብርሃን በንድፈ ሐሳብ በጥልቀት መጠናቱ ነው። የክፍሉ ተመራማሪ ፍሥሐ ካሳሁን እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት ባለሦስት እርከን ሌዘርን ይመለከታል። በዚህ ሌዘር ውስጥ አተሙ ከላይኛው የኃይል እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን ይሰጣል፤ ሁለቱ ቅንጣቶች በጥብቅ የተዛመዱ መሆናቸውም ብርሃኑን ለመጨመቅ ምክንያት ይሆናል። ፍሥሐ ከእዮብ አለባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ደግሞ በሌዘሩ መስታወቶች መካከል አንድን የብርሃን ቅንጣት ለሁለት የሚከፍል ክሪስታል ቢጨመር፣ በተመረጡ የስሌት መጠኖች መዋዠቁ እዚያው ውስጥ እስከ 93 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። በሒሳብ ብቻ ከዚህ መድረስ ታላቅ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። እዮብም በኋላ አሜሪካ ሄደው በሪጌቲ ኩባንያ የኳንተም ኮምፒውተር ምርምር ላይ ተሰማርተዋል።

ስሌቱን ወደ መሣሪያ መለወጥ ግን ሌላ ትግል ነው፤ ምክንያቱም በመንገድ ላይ በሚጠፋው እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት ፋንታ የባዶው ስፍራ መዋዠቅ ተመልሶ ይገባል። የካናዳው ዛናዱ ኩባንያ በ2022 ይፋ ያደረገው ቦሪያሊስ የተባለ የኳንተም ኮምፒውተር 216 የተጨመቁ የብርሃን ምቶችን ሲያቀናጅ፣ መሐንዲሶቹን የፈተናቸው ዋናው ችግር ይኸው ብክነት ነበር።