ነፋሱ ሲቆም በምን ትመለሳለች?

ኔዘርላንድስ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከነፋስና ከውኃ ጋር ሳይወድ በግዱ ይተዋወቃል። የ15 ዓመቷ ልጃችን «ዊንግ ፎይል» በሚባለው የውኃ ስፖርት ከተለከፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ቦርድ ላይ ቆማ፣ በአየር የተነፋ ክንፍ በእጇ ትይዛለች። ከቦርዱ ሥር ደግሞ ምሰሶ ላይ የተገጠመ፣ የአውሮፕላን ክንፍ የሚመስል «ፎይል» አለ። ፍጥነት ስታገኝ ፎይሉ ቦርዱን ከውኃው በላይ ያነሳዋል።

እስካሁን የምትጫወተው በማሠልጠኛው ሰፊ ቦርድ ነበር። ዘንድሮ የራሷን ጠየቀች፤ ያውም «ሚድ ሌንግዝ» የሚሉትን፣ መካከለኛ ርዝመት ያለውን። እናቷ «ፋሽን ነው» ብትልም ነገሩ ምክንያት አለው። የተለመደው የዊንግ ቦርድ አጭርና ሰፊ ነው። ይህኛው ቁመቱ 2 ሜትር አካባቢ፣ ወርዱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጅምና ጠባብ ነገር ውኃን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ በትንሽ ነፋስም ቶሎ ይፈጥናል፤ ቶሎም ይነሳል። ስለዚህ አነስ ያለ ክንፍ ይበቃል፤ ለልጅ ክንድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጉድለትም አለው። ጠባብ በመሆኑ ሳይንቀሳቀስ ሲቆሙበት ወደ ጎን ይዋልላል። አፍንጫው ረጅም ስለሆነ ለማዞር ይከብዳል፤ ትንሽ መኪና ውስጥም አይገባም። ገና ለሚጀምር ልጅ ሰፊው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ከልጄ ጋር የተከራከርነው ግን ስለ ርዝመቱ ሳይሆን ስለ ሊትሩ ነው። የቦርድ የመንሳፈፍ አቅም በሊትር ይለካል፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ደመርን። እሷ 55 ኪሎ፣ እርጥብ ልብሷ ከጃኬቷና ከሄልሜቷ ጋር 5፣ ቦርዱ 6፣ ፎይሉ 5፣ ክንፉ 3፤ ድምሩ 74 ኪሎ ገደማ። ጓደኞቿ የሚይዙት ባለ 65 ሊትር ቦርድ ስትቆምበት ይሰምጣል ማለት ነው። ነፋስ ካለ ክንፉ ጎትቶ ያወጣታል። ነፋሱ ሲቆም ግን በደረቷ ተኝታ፣ ግማሽ አካሏ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ በእጇ እየቀዘፈች ነው የምትመለሰው።

«አባዬ፣ በትልቅ ቦርድ ይስቁብኛል» አለች።

«ይሳቁ፤ አንቺ ተንበርክከሽ ትመጫለሽ» አልኳት።

በ90 ሊትር ተስማማን። 16 ሊትር ትርፍ አለው፤ በሚቀጥለው ዓመት 5 ኪሎ ብትጨምርም ይችላታል።

ባሕር ወይም ሐይቅ አጠገብ የሚያድግ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራይቶ ይሞክረው። ሄልሜት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትና ቦርዱን ከሰውነቱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ከቦርዱ እኩል ይገዙ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ በሚነፍስበት ቀን፣ ወይም ብቻውን ሲሆን አይግባ። ሻጩ ስለ ፍጥነትና ስለ ቀለም ብዙ ይነግራችኋል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ነፋሱ ቢቆም ልጄ በዚህ ቦርድ መመለስ ይችላል ወይ?»